ከማባን መንደሮች እስከ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፦ ጆሮን የመለካት ሙያ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የምትበሩ ከሆነ የምትሳፈሩበት አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነው። «ኪው» የምትለው ፊደል ዝም ብላ የተለጠፈች አይደለችም፤ በእንግሊዝኛ «ጸጥተኛ» ከሚለው ቃል የመጣች ናት። የፕሮፔለር አውሮፕላን ተሳፋሪ በንዝረት ሲደነቁር መዋሉ ያሳሰበው ፋብሪካ፣ ከ1996 ጀምሮ በካቢኔው ውስጥ ማይክሮፎኖችን፣ በግድግዳው አጥንት ላይ ደግሞ ንዝረት የሚያጠፉ መሣሪያዎችን ገጠመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማይክሮፎኑ ድምፁን ይሰማል፣ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ መሣሪያው በተቃራኒው ይነዝራል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ።

ሊጠፋ የሚፈለገው ድምፅ የትኛው እንደሆነ እናንተም ማስላት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ፕሮፔለር 6 ክንፍ አለው። ሲነሳ በደቂቃ 1020 ጊዜ ይዞራል። 1020 በ6 ሲባዛ 6120፣ ለ60 ሰከንድ ሲካፈል 102። እንግዲህ ያ ደረት ላይ የሚሰማን እምምም የሚል ድምፅ 102 ኸርዝ ገደማ ነው ማለት ነው። በሚቀጥለው በረራችሁ አስታውሱት።

ታዲያ ጸጥታው የተሠራው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው። ውጭ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ሻንጣ ለሚያወርደውና ለአውሮፕላኑ ምልክት ለሚሰጠው ሠራተኛ «ኪው» ብዙም ትርጉም የላትም። የሚሠራ አውሮፕላን አጠገብ የድምፁ መጠን ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በማንኛውም አውሮፕላን ማረፊያ ጆሮ ላይ የሚደረገው ያ ትልቅ መከላከያ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበትን ስሌት ብናስብ፣ 85 ዴሲቤል ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መዋል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ለምን 3? ምክንያቱም 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን ነው። ጆሮ የሚቆጥረው ይህንን የተጠራቀመ ኃይል ነው፤ ባለቤቱ «ለመድኩት» ቢልም ባይልም።

«ለመድኩት» ማለት ብዙ ጊዜ «አጣሁት» ማለት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ምን ያህል እንደጠፋ የሚለካ፣ ከዚያም የቀረውን ይዞ ሰውየውን ወደ ጨዋታው የሚመልስ አንድ ሙያ አለ። ኦዲዮሎጂ ይባላል፤ ባለሙያው ደግሞ ኦዲዮሎጂስት። ሙያው ከአውሮፕላን በዕድሜ ያንሳል፤ እንዲያውም በከፊል የአውሮፕላን ልጅ ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት ስለ ድምፅ ንዝረት ሳነብ ነው። ግን የታሪኩ አንዱ ጫፍ ከጋምቤላ ድንበር ማዶ ሆኖ ሳገኘው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ጋምቤላ የማሽን ጩኸት በመጀመሪያ የገባው በሰማይ ሳይሆን በወንዝ ነው። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ ባሮ ወንዝ ላይ ኢታንግ አጠገብ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ቦታው በኋላ ወደ ጋምቤላ ተዛወረ። ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባት፣ ከዚያም በባሮ እየቀዘፉ የሚመጡት በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። መምጣት የሚችሉት ግን በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። በጋ ሲሆን ባሮ ይጎድላል፣ ፊሽካውም ዝም ይላል።

የእነዚህ ዓይነት መርከቦች ልብ ቦይለር ነው፤ ውሃ የሚፈላበት ትልቅ የብረት በርሜል። ቦይለር የሚሠራው ብረቱን በብረት ሚስማር እየቀጠቀጡ በማያያዝ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ከውጭ ይመታል፣ ሌላው በርሜሉ ውስጥ ተቀምጦ ይደግፋል። ውስጥ ያለውን ሰው አስቡት! በ1886 ቶማስ ባር የሚባል የግላስጎው የጆሮ ሐኪም «እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ይሰማሉ?» ብሎ ተነሳ። መሣሪያው የኪስ ሰዓት ነበር፤ የሰዓቱ ቷ ቷ ከምን ያህል ርቀት እንደሚሰማ መለካት። 100 ቦይለር ሠሪዎችን፣ 100 ብረት አቅላጮችን፣ 100 ፖስታ አዳዮችን ፈተነ። ከቦይለር ሠሪዎቹ መካከል ጤናማ ጆሮ ያለው አንድም አላገኘም። ብዙዎቹ በስብሰባ ላይ የሚነገረውን መከታተል አይችሉም ነበር። ፖስታ አዳዮቹ ለምን ተጨመሩ? ለማነጻጸር ነዋ! ጸጥ ባለ መንገድ የሚውል ሰው ከሌለ ጩኸቱ ያደረሰው ጉዳት ይሁን ዕድሜ የሚለይበት መንገድ የለም። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

የኪስ ሰዓት ግን መለኪያ አይደለም፤ የእኔ ሰዓት ድምፅ ከእናንተው ይለያል። እውነተኛው መለኪያ የመጣው ከስልክ ነው። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ መሐንዲሶች «ሰው በስልክ መስመር ምን ያህል ደካማ ድምፅ መስማት ይችላል?» የሚለውን ለማወቅ ሲሉ የድምፁን ድግግሞሽና ጉልበት ለየብቻ የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠሩ። በ1922 ሃርቪ ፍሌቸርና ባልደረቦቹ ከጆሮ ሐኪሙ ኤድመንድ ፋውለር ጋር ሆነው ለሕክምና የሚሆን ኦዲዮሜትር ይዘው ብቅ አሉ። ዴሲቤል የሚለው መለኪያም ከዚያው ቤት የወጣ ሲሆን ስሙ ከስልክ ፈጣሪው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። ዜሮ ዴሲቤል ማለት ድምፅ የለም ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ጤናማ ወጣት ጆሮ ለመስማት የሚበቃው ትንሹ ድምፅ አካባቢ ነው። ከዚያ በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። 100 ዴሲቤል እንግዲህ የዚያች ትንሽ ድምፅ 10 ቢሊዮን እጥፍ ነው።

መሣሪያው ከመጣ በኋላም ሙያው አልነበረም። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ ያያል፣ ኩኩን ያጸዳል፣ መግሉን ያክማል፤ የመስሚያ መሣሪያ ነጋዴው መሣሪያ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል «ይሄ ሰው ነገ ከሚስቱ ጋር እንዴት ያወራል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ክፍተቱን ያሳየው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከመድፍ አጠገብና ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ የወጡ ወጣት ወታደሮች ጆሯቸው ተበላሽቶ በብዛት ተመለሱ። የአሜሪካ ጦር ሦስት ሆስፒታሎችን ለዚህ መደበ፤ ከነሱ አንዱ በፔንስልቬንያ፣ በትለር ከተማ የነበረው ዴሾን ሆስፒታል ነው። እዚያ የተመደበው ሬይመንድ ካርሃርት ሐኪም አልነበረም፤ የንግግር ሳይንስ ምሁር ነው። ወታደሮቹን ለካ፣ የመስሚያ መሣሪያ እያፈራረቀ በጆሯቸው ሞከረ፣ ከንፈር ማንበብ እንዲማሩ አደረገ፣ ከወራት በኋላም ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ለካርሃርትና ለጆሮ ሐኪሙ ኖርተን ካንፊልድ ምስጋና ይግባቸውና «ኦዲዮሎጂ» የሚለው ስም በ1945 አካባቢ መለመድ ጀመረ። ካርሃርት ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ሙያውን ትምህርት ክፍል አደረገው፤ ዛሬ የሙያው አባት የሚባለው እሱ ነው።

አሁን አንድ ኦዲዮሎጂስት በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ፤ የሙያው ደስታ ያለው እዚህ ሰዓት ውስጥ ነው።

አንድ ሽማግሌ ገቡ እንበል። ልጃቸው ከጎናቸው ናት፤ የምታወራላቸው እሷ ናት። «አባባ ጆሮ አይሰሙም» ትላለች፤ እሳቸው «እሰማለሁ፣ ሰዉ ነው የማያወራው» ይላሉ። አትሳቁ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የድምፅ ጉዳት መጀመሪያ የሚመታው ወደ 4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ከፍተኛ ድምፅ ነው። ዕድሜም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይበላል። አናባቢዎች ዝቅ ያለ ድምፅ ስለሆኑ ይተርፋሉ፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሽማግሌው ሰው እያወራ መሆኑን ይሰማሉ፤ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆኑባቸዋል። ልብ በሉ፣ የጠፋው ቃል ራሱ «ሰማ» ነው።

ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ የጆሮ ማዳመጫ ይደረግላቸዋል፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ያነሳሉ። ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ፣ አንድ በአንድ። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል፤ ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራ ጆሮ በሰማያዊ ኤክስ። ከዚያ ድምፁ በአየር በኩል ሳይሆን ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት በኩል ይሰጣል። በአጥንት በኩል ደህና ሰምተው በአየር በኩል ካልሰሙ፣ ችግሩ ያለው ውጭ ወይም መካከለኛው ጆሮ ላይ ነው፦ ኩክ፣ መግል፣ የተቀደደ ታምቡር፣ ወይም እርካብ የምትባለዋ ትንሿ አጥንት መጣበቅ። እነዚህን ብዙውን ጊዜ ሐኪም ያስተካክላቸዋል። በሁለቱም በኩል ከጠፋ ግን ጉዳቱ ቀንድ አውጣ መሰል በሆነው የውስጥ ጆሮ ውስጥ ነው። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ለዕድሜ ልክ የተሰጡን እነዚሁ ናቸው፤ ሲሞቱ ምትክ የላቸውም። (ወፎች ግን አላቸው! በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች እንዳዩት የዶሮ ጆሮ የሞቱ ሕዋሳቱን መልሶ ያበቅላል። እኛ ለምን እንደማንችል ገና እየተጠና ነው።)

መናገር የማይችል ሕፃን ቢሆንስ? በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የሚባል እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሰው አንድ የማይታመን ነገር አሳየ፤ ጤናማ ጆሮ ራሱ ድምፅ ያወጣል። ድምፅ ሲላክበት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ይነዝሩና እጅግ ደካማ የሆነ ማሚቶ ይመልሳሉ። ስለዚህ ዛሬ ገና የተወለደ ሕፃን ተኝቶ ሳለ፣ ትንሽ ማይክሮፎን ጆሮው ላይ በማድረግ በደቂቃዎች ውስጥ መመርመር ይቻላል።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ኦዲዮሎጂስቷ መሣሪያውን በኦዲዮግራሙ ልክ ታስተካክላለች፤ ሁሉንም ድምፅ እኩል ማጉላት ሳይሆን የጎደለውን ብቻ፣ በጎደለው ልክ። ታበራዋለች። ከዚያ ልጅየዋ በተለመደ ድምጿ አንድ ነገር ትላለች። አብዛኛው ሳይንስ ውጤቱን ለማየት ዓመታት ያስጠብቃል። እኔ ራሴ አንድ ሞዴል ትክክል መሆኑን ለማወቅ ስድስት ወር የጠበቅኩ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ውጤቱ ፊት ላይ የሚነበበው ወዲያው ነው። በሌላ በኩል ሥራው በዚያ ቅጽበት አያልቅም። አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን የሳህን ኳኳታና የመንገድ ጫጫታ በአንዴ ሲያገኘው ይረበሻል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ደጋግሞ መጥቶ ማስተካከል፣ ቤተሰቡን «ፊት ለፊት ሆናችሁ አውሩ» ብሎ ማስተማር፣ ይሄ ነው የሥራው አብዛኛው ክፍል። ለእኔ የሙያው ክብር ከፊልም ቅጽበቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያስያዝኳችሁን ጥያቄ አምጡ። ዕድሜ ራሱ ጆሮን ይበላል? ወይስ በዕድሜ የምናማርረው ስሕተት ነው፣ የበላን የኑሯችን ጩኸት ነው?

ይህን ለመመለስ በሕይወቱ ማሽን ያልሰማ ሕዝብ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳሙኤል ሮዘን የሚባል የኒው ዮርክ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ያገኘው በኛ ጎረቤት ነው፤ በያኔዋ ሱዳን ደቡብ ምሥራቅ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሚኖሩት ማባኖች። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ በቀጥታ መስመር ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ለአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቋንቋቸውም እንደ አኙዋክና እንደ ኑዌር ምዕራብ ናይሎቲክ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ሮዘን ቀድሞም ስም ነበረው። በ1952 አንድ በሽተኛ ላይ የተጣበቀችውን እርካብ አጥንት ሲነካ ሰውየው እዚያው ጠረጴዛው ላይ መስማት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቀዶ ሕክምና በየአገሩ እየዞረ አስተምሯል። ከሱ ጋር ከመጡት አንዱ ሞ በርግማን ነው፤ ከሙያው የመጀመሪያ ትውልድ ኦዲዮሎጂስቶች አንዱ። ቡድኑ ውስጥ ጀርመናዊው ዲትሪክ ፕሌስተር፣ ግብፃዊው አሊ ኤል ሞፍቲ፣ ሱዳናዊው ሳቲም ነበሩ። ውጤቱን ያሳተሙት በ1962 ነው።

ያዩት ምንድን ነው? ጠመንጃ የለም፣ ከበሮም ቢሆን ብዙ አይመታም። የመንደሩ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዴሲቤል በታች ነው፤ ያ ደግሞ እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ጸጥታ ነው። ሽማግሌዎቹ ከአሜሪካውያን እኩዮቻቸው እጅግ በተሻለ ይሰማሉ፤ በተለይ ከፍተኛውን ድምፅ። የደም ግፊታቸውም በዕድሜ አይጨምርም። ሁለት ሰዎች በ90 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ይግባባሉ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ልዩ ጆሮ ያላቸው ሰዎች» እየተባለ።

እዚህ ጋ ካልኩሌተሬን ላውጣ። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ተራ ንግግር በ1 ሜትር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። 90 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 39 ዴሲቤል ያጣና 21 ይቀራል። 21 ዴሲቤል ደግሞ ለማንኛውም ጤናማ ጆሮ በቂ ነው፤ በንግግሩ ድግግሞሽ ላይ የሚሸፍነው ጫጫታ ከሌለ። ፒያሳ ላይ 60 ወይም 70 ዴሲቤል ባለበት ይቺ 21 ትሰምጣለች። ስለዚህ ማባኖቹ ተአምረኛ ጆሮ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከሥራው ግማሹን የሚሠራው የመንደሩ ጸጥታ ነው። ይህ ለእኔ ከ«ልዩ ጆሮ» ተረት ይበልጥ ደስ ይላል፤ ምክንያቱም ጸጥታ በተፈጥሮ የተሰጠ ዕድል ሳይሆን ሊጠበቅም ሊጠፋም የሚችል ነገር ነው።

ጥናቱ ትችት አላጣም፤ ከተቺዎቹ አንዱ ደግሞ በርግማን ራሱ ነው። በ1966 ቆም ብሎ ማስረጃውን በድጋሚ መዘነ። ዋናው ችግር ዕድሜ ነው። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር 70 እና 60ን በምን ትለያላችሁ? አያቶቻችንን «ስንት ዓመትዎ ነው?» ስንላቸው «ጣሊያን ሲገባ በግ እጠብቅ ነበር» የሚሉንን አስታውሱ። ሽማግሌዎቹ ከተገመተው 10 ዓመት ያነሱ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። ሌላው፣ በማባንና በአሜሪካ መካከል ያለው ልዩነት ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ምግቡ፣ የዘር ውርሱ፣ በልጅነት በሽታ የሚሞተው፣ ሁሉም ይለያያል። ሮዘን ራሱ በኋላ ትኩረቱን ወደ ምግብና ወደ ደም ሥር አዙሮ ፊንላንድ ውስጥ ጥናት አድርጓል። በ1967 ደግሞ የካላሃሪ በረሃ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ፍተሻ ተደርጎ ጥሩ መስማት ተገኝቷል። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የሚስማማው በመካከለኛው መልስ ነው፦ ዕድሜ የራሱን ይወስዳል፣ ጩኸት ግን ቀድሞ መጥቶ ብዙ ይወስዳል።

ያ ጸጥ ያለ አገር አሁን እንደዚያ አይደለም። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በሱዳን የሰማያዊ ዓባይ ግዛት ጦርነት ሲነሳ፣ ከአንቶኖቭ ቦምብ የሸሹ ከ100,000 በላይ ስደተኞች ማባን ገቡ። የእርዳታ አውሮፕላን፣ የጭነት መኪና፣ የጄኔሬተር ድምፅ ተከተላቸው። የሮዘን ፍተሻ ዛሬ እዚያ ሊደገም አይችልም።

ጋምቤላም ከ2013 መጨረሻ በኋላ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በኩሌ፣ በቲየርኪዲ፣ በጀዊ፣ በንጉኛይል ተቀብላለች። እዚህ ጆሮን የሚያጠፋው ግን ጩኸት ብቻ አይደለም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት ጋምቤላንም ይነካል። ማጅራት ገትር የተረፈውን ልጅ አንዳንድ ጊዜ መስማት አሳጥቶ ይለቀዋል፤ አንዳንዴ የውስጥ ጆሮው በሳምንታት ውስጥ አጥንት ይሆናል፣ ስለዚህ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ ወዲያው ካልተመረመረ ዕድሉ ይዘጋል። ከ2010 ጀምሮ ለዚህ መቀነት ተብሎ የተሠራው ክትባት ኤ የሚባለውን የባክቴሪያውን ዓይነት ወረርሽኝ አስቁሟል ማለት ይቻላል። ለወባ የሚሰጠው ኪኒን በጆሮ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ እንደሚያመጣ የጋምቤላ ሰው ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይለቃል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጡ የነበሩት እንደ ካናማይሲን ያሉ መርፌዎች ግን ጉዳታቸው አይመለስም ነበር። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት በሚዋጡ መድኃኒቶች እንዲተኩ የመከረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዳቱን ከበሽተኞቹ ጆሮ ላይ እየለኩ ካሳዩት መካከል ደግሞ ኦዲዮሎጂስቶች ይገኙበታል።

ባለሙያው ግን የት አለ? በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት እንደሚለው መልሶ ማቋቋም የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለበት ሰው በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ደግሞ 93 በመቶ የሚሆኑት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት እንኳ የላቸውም። የኛም አገር የጆሮ ሕክምና አብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከጋምቤላ አንዲት እናት ልጇን ለማስመርመር ያንን «ጸጥተኛ» አውሮፕላን ወይም የቀናት አውቶቡስ መያዝ አለባት።

መሣሪያ ቢመጣ እንኳ መጠነኛ ያልሆነ ሥራ ይጠብቃል። በጋምቤላ የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ላብና እርጥበት የመስሚያ መሣሪያ ጠላት ናቸው፣ ትንሿ ባትሪም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ትቀየራለች። ቦትስዋና ውስጥ ኦትሴ በምትባል መንደር ጎዲሳ የሚባል ድርጅት በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ የመስሚያ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ናቸው። ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የምለው፦ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣችሁ፣ ይኸው።

የመስሚያ መሣሪያ የሁሉም መልስም አይደለም። መስማት ተስኖት የተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው፤ በእጅም ይሁን በአፍ፣ ግን በጊዜው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ጥሩ ኦዲዮሎጂስት ኦዲዮግራሙን አይቶ «ይህ ልጅ ዛሬውኑ ምልክት ቋንቋ ይጀምር» ማለት የሚችል ነው፤ ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሰው ሙያውን ገና አልተረዳውም።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ገንዘብም መሣሪያም ብዙ የማይጠይቅ። ሰው ድምፅ መስማቱ ብቻ አይበቃም፣ ንግግር መለየቱም ይፈተናል። ለዚህ የተመረጡ ቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ለእንግሊዝኛ በ1940ዎቹና 50ዎቹ ተዘጋጅቶ ዛሬም ይሠራበታል። ዝርዝሩ ተርጉመውት የሚሠራ አይደለም። አኙዋክኛና ኑዌርኛ የቃና ቋንቋዎች ናቸው፤ የአንድ ቃል ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል፣ ቃናው ደግሞ ያለው ዝቅ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው። በአማርኛ «ሰማ»ን ከ«ሸማ» ያደባለቀ ጆሮ በኑዌርኛ ሌላ ነገር ያደባልቃል፤ አማርኛ ላይ የወደቀው እዚያ ሊያልፍ፣ እዚያ የወደቀው እዚህ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የጋምቤላ ዝርዝር በጋምቤላ ሰው ጆሮና ምላስ መሠራት አለበት፦ ለአኙዋክኛ፣ ለኑዌርኛ፣ ለመዠንግርኛ፣ ለኦፖኛ፣ ለኮሞኛ። ሕፃንም ሽማግሌም የሚያውቃቸው 50 ቃላት ተለቅመው፣ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀድተው፣ ጤናማ ጆሮ ባላቸው ሰዎች ተፈትነው። ከእናንተ መካከል ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ አፉን የፈታበት፣ ስልኩም ላይ ጥሩ የድምፅ መቅጃ ያለው ሰው ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቃላት መልቀም ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል።